ዳገቱ ላይ እንጂ አልጋው ላይ ያልተገኘ ሕመም

ሕመሜ ጨዋ ሕመም ነበር። ስነሣ ይነሣል፣ ስቀመጥ ይቀመጣል፣ እንግዳ ፊት አያዋርደኝም። በዚህ ጨዋነቱ ሊገድለኝ ምንም ያህል አልቀረውም። ሐኪም ፊት በቀረብኩ ቁጥር ድምፁን አጥፍቶ ይተኛል፤ ሐኪሙም «ደህና ነዎት» ብሎ ያሰናብተኛል። ከዳገቱ ሥር ስደርስ ደግሞ ቀድሞኝ ተነሥቶ ይጠብቀኛል። አንድ ዓመት ተኩል ያህል እንዲህ ተከባብረን ኖርን። ይህን የምጽፈው፣ ከአንባቢዎች መካከል እንዲህ ያለ ጨዋ እንግዳ ደረቱ ውስጥ ያስቀመጠ ካለ፣ እኔ የሳትኩትን እንዳይስት ብዬ ነው።

ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ የፈጠምን ወንዝ ቁልቁል ከሚያይ ኮረብታ ላይ ባለች ደብር መሪጌታ ነኝ። ማኅሌት እመራለሁ፤ ቅኔና አቋቋም አስተምራለሁ። ዘመኑ የጃንሆይ ዘመን ነው፤ ሃምሳዎቹ ሊያልቁ ተቃርበው ነበር። እኔም ራሴ ሃምሳዎቹን ጀምሬ ነበር። ሁለቱን ሴቶች ልጆቻችንን ድረን፣ ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና ባለቤቴ ይታይሽ ብቻ ነበርን። ቤታችን ከታች ከወንዙ በኩል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከኮረብታው አናት ላይ ስለሆነ በየቀኑ የምወጣው ዳገት አለ።

የመጀመሪያው ቀን ኅዳር ውስጥ ነው። አዝመራው እየታጨደ ነበር። ጭጋጉ ከወንዙ ላይ ገና ሳይነሣ፣ ባዶ ሆዴን ወደ ቅዳሴ ስወጣ፣ ከዳገቱ ወገብ ላይ ደረቴን አንድ ነገር ተጫነኝ። ውጋት አይደለም፤ ውጋትን አውቀዋለሁ። ክብደት ነው፤ ሰው ጤፍ የሞላ ስልቻ አምጥቶ ደረቴ ላይ ያስቀመጠ ያህል። ወደ ግራ ክንዴ ወረደ፤ ወደ መንጋጋዬ ወጣ። ቆምኩ። ስቆም ዓለሙ ሁሉ አብሮኝ የቆመ መሰለኝ። ወፎቹ ዝም አሉ። የአጫጆቹ ድምፅ ከታች ሳይሆን ከሌላ ዘመን የሚመጣ ይመስል ነበር። ጭጋጉ ነጭ ሆኖ፣ ለስላሳ ሆኖ፣ እስከ እግሬ ድረስ ደርሶ ና የሚለኝ መሰለኝ፤ ለአንድ አፍታም መሄዱ አልከፋኝም። ከዚያ ሸክሙ በዝግታ ተነሣልኝና ወፎቹ እንደገና መጮህ ጀመሩ።

ከኋላዬ የሚመጡት ምእመናን ቆሜ ሲያዩኝ እርምጃቸውን ገትተው ነበር። አንዲት ባልቴት ለሌላይቱ፣

«ዝም በይ፤ መሪጌታ ቅኔ እየቆጠሩ ነው» ስትል ሰማሁ።

በእኛ አገር ሊቅ ሰው ቆሞ ሩቅ ሲያይ ከተገኘ ቅኔ እያወጣ ነው ይባላል፤ አይነካም፣ አይጠራም። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲያ በቆምኩ ቁጥር ሰው ራቅ ብሎ ይጠብቀኛል፤ እኔም መቋሚያዬን ተደግፌ፣ ዓይኔን ወንዙ ላይ ተክዬ፣ ሕመሙ እስኪያልፍ የሊቅ መልክ ይዤ እቆማለሁ። ጣጣው ከዳገቱ አናት ስደርስ ነው። «የቆጠሩትን ያሰሙን እንጂ» የሚል አይጠፋም። በዚያ ዓመት የቆምኩትን ያህል ቅኔ ቆጥሬ ቢሆን ኖሮ የጎጃም ብራና ሁሉ አይበቃውም ነበር።

መንጋጋዬን ስለሚያመኝ ጥርሴ መሰለኝ። ቡሬ ገበያ ዳር ወደሚቀመጥ ጥርስ ነቃይ ሄድኩ። በጉጠት ይዞ፣ ጉልበቱን ደረቴ ላይ ተክሎ ነቀለው። ካወጣው በኋላ ጥርሴን ወደ ፀሐይ አንሥቶ አገላበጠና፣

«መሪጌታ፣ ይኸ ጥርስ እኮ ምንም የለበት» አለኝ።

ይህን ከመንቀሉ በፊት ቢነግረኝ ምን ነበረበት? እስከ ዛሬ «ሰላም» ስል በዚያ ቀዳዳ ያፏጨኛል። ቀጥሎ ይታይሽ «ኮሶ ነው የያዘዎት» ብላ አጠጣችኝ። ኮሶው ወረደ፤ ሕመሙ ግን አልወረደም። ቀጥሎ ጠበል ገባሁ። ሰባት ቀን ሙሉ ከጠበሉ አጠገብ በዛፍ ጥላ ሥር ተኝቼ፣ ውኃው ሲወርድ እየሰማሁ፣ ግማሹን በሕልም ግማሹን በእውን ስከርም አንድ ጊዜ እንኳ አልነካኝም። ተፈወስኩ ብዬ ስለት ሁሉ ተሳልኩ። በስምንተኛው ቀን የሰፈሬ ዳገት ላይ ስደርስ ስልቻው ተመልሶ ደረቴ ላይ ተቀመጠ። ጠበሉን አላማም፤ ሣር ላይ ተጋድሜ የከረምኩት እኔ ነኝ።

ቡሬ ውስጥ ወዳለ አንድ ክሊኒክም ሄጃለሁ። ድሬሰሩ፣ የጤና ረዳቱ ማለት ነው፣ ትሑት ሰው ነው።

«እንዴት ነዎት አባቴ?» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኩት።

«ታዲያ ምን ላድርግልዎት?»

«እንዲያው ለነገሩ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ጫን ይለኛል» አልኩና ደረቴንም ሆዴንም ደባብሼ አሳየሁት።

እንዲህ ነው ያደግነው። ሞት ደጃፉ ላይ የቆመ ሰው እንኳ ሲጠየቅ መጀመሪያ ያመሰግናል፤ ሕመሙን ዘርዝሮ የሚናገር ፈጣሪውን እንዳማረረ ይቆጠራል። ድሬሰሩ የሰጠሁትን ይዞ ጨጓራ ነው አለና በውኃ የሚበጠበጥ ነጭ ዱቄት ሰጠኝ። ጠጣሁት። ጣዕሙ እንደ ኖራ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ጥር፣ በጥምቀት ዕለት፣ ታቦቱ ፊት ወረብ ጀመርን። ጸናጽሉና ከበሮው እየፈጠነ ሲሄድ ሸክሙ መጣ። ከመካከል ወጣሁና ዳር ቆምኩ። አንድ ጊዜ ቢሆን ባልከፋ፤ ከዚያ በፊትም በበዓላቱ ሁሉ እንዲህ አድርጌ ነበር። የደብራችን ገበዝ ቄስ ሞላ ቀልድ የሚወዱ፣ አፋቸው የማይያዝ ሰው ናቸው። ሰው በተሰበሰበበት፣

«መሪጌታ፣ አይቆጡኝ እንጂ፣ ሲበሉ ደህና፣ ሲተኙ ደህና፣ ሲያስተምሩ ደህና። ሕመሙ የሚመጣው ለሥራ ሲነሡ ብቻ ነው እንዴ?» አሉኝ።

ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። የሕመሜ ምስጢር በሙሉ በዚያች በቀልድ በተነገረች ቃል ውስጥ ነበረ፤ ግን እሳቸውም እኔም አላወቅንም።

ይታይሽ ፍኖተ ሰላም ዶክተር ዘንድ እንሂድ አለች። እዚህ ላይ የሠራነውን ስሕተት ልብ ብላችሁ ስሙኝ። በእኛ ዘንድ የታመመ ሰው ክብር አለው። ከቤቱ ወደ ሐኪም ቤት በእግሩ አይሄድም። በበቅሎ ተጫንኩ፤ በዋዜማው ደርሰን ከይታይሽ ዘመዶች ቤት አደርን። እግሬን አጠቡኝ፣ አበሉኝ፣ አስተኙኝ። በማግሥቱ እስከ ሐኪም ቤቱ ደጃፍ በበቅሎ ሄጄ፣ ከዚያ ግቢ ውስጥ ካለው ዋርካ ሥር ተራዬን ስጠብቅ እስከ ቀትር ዋልኩ። ብዙ ሰው ነበር። አንዲት እናት ልጇን ታዝላ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ አንድ ሽማግሌ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ያንጎራጉራል። የፍኖተ ሰላም ፀሐይ ሞቃት ናት። ዓይኔ እየከደነ፣ የሰዉ ወሬ እንደ ወንዝ ከላዬ እያለፈ፣ ከዘመናት ሁሉ ያረፍኩበት ቀን ያ ይመስለኛል። ሕመሜ አብሮኝ አረፈ።

ዶክተሩ በማዳመጫው ደረቴንም ጀርባዬንም አዳመጠ። ከዚያ ራጅ አነሡኝ። ጨለማ ክፍል አስገብተው ቀዝቃዛ ሰሌዳ ላይ ደረቴን አስጠግተው «ትንፋሽዎን ይያዙ» አሉኝ። በዚያ ጨለማ ትንፋሼን ይዤ ስቆም፣ ከእናቴ ማኅፀን ያልወጣሁ ያህል ተሰማኝ። በኋላ ምስሉን አሳዩኝ። የጎድን አጥንቶቼ በነጭ ተስለው፣ በመካከላቸው ልቤ ጋደል ብላ ተቀምጣለች። ዕድሜዬን ሙሉ «ልቤ፣ ልቤ» እያልኩ ስዘምር፣ መልኳን ያየሁት ያኔ ነው።

«ልብዎ አልሰፋም። ሳንባዎም ንጹሕ ነው። ደህና ነዎት» አለ ዶክተሩ።

ለጤነኛ ሰው ይህ የምሥራች ነው። እኔን ግን አንገቴን አስደፋኝ። እንግዲህ ያመመኝ ምኔ ነው? ኃጢአቴ ነው? እብደት ጀምሮኛል? ወይስ ቄስ ሞላ እንዳሉት ሰንፌ ሳላውቀው ራሴን እየዋሸሁ ነው? ከዚያ ወዲያ ለማንም መናገር አቆምኩ። ምግብ በልቼ ዳገቱን ስወጣ ስለሚብስብኝ መብላት ቀነስኩ። እንቅልፍ አጥቼ ስገላበጥ ይታይሽን እንዳልቀሰቅሳት መኝታዬን ለይቼ መደብ ላይ መተኛት ጀመርኩ። ወሬ ሲነሣ ዝም እላለሁ። ደጅ ወጥቼ ወንዙን ሳይ እውላለሁ። ሞቴ እንደ ጭጋጉ ቀስ ብሎ ሲመጣ የማየው ይመስለኝ ነበር፤ እንዳይነገርብኝ እንጂ እንዳይመጣ አልጸለይኩም።

በዐቢይ ጾም አንድ ቀን ከይታይሽ ጋር ዳገቱን ስንወጣ ቆምኩ። እሷም ቆመች። እንደ ሌላው ቀን ግን አልታገሠችኝም።

«ድሬሰሩ ጨጓራ ነው አለ፤ ዶክተሩ ምንም የለበት አለ» አለች። «እንግዲህ በሆድዎ የያዙትን ያውጡት።»

«ምን ያዝኩ?»

«እኔን ይጠይቁኛል? አንቱ ያውቁታል እንጂ!» አለችና ነጠላዋን ሰብስባ ትታኝ ወጣች።

ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር ጀርባዋን አዙራብኝ ስትሄድ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። ልጥራት አልኩ፤ ድምፅ አልነበረኝም። ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ዳገቱ፣ የይታይሽ ነጠላ፣ ሰማዩ፣ ሁሉም በውኃ ውስጥ እንዳለ ነገር ሲወላወል ይታየኛል። ተናድጃለሁ፤ ፈርቻለሁ፤ ከሁሉም በላይ ግን ብቻዬን መሆኔ አሳዘነኝ።

እሷ ከአናቱ ደርሳ ዞር ስትል አላየችኝም። ተመልሳ ወረደች። ግንባሬን ነካች። ማለዳው ብርድ ነው፤ እኔ ግን በላብ ተጠምቄያለሁ፣ ላቡም እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ።

«ይኸስ የውሸት አይደለም» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ ነው ያለችው።

ከፋሲካ በኋላ ቡሬ ገበያ ውላ ስትመጣ ወሬ ይዛ መጣች። አንድ ወጣት ሐኪም ከአዲስ አበባ ለጥቂት ወራት ፍኖተ ሰላም መጥቷል፤ የልብን ምት በወረቀት ላይ የሚጽፍ መኪና በሣጥን ይዟል አሉ። እኔ አልሄድም አልኩ። ሁለተኛ ጊዜ «ደህና ነዎት» ከምባል ብሞት ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን በቅሎዋን ጫነች።

ሐኪሙ ልጄ የሚሆን፣ መነጽር ያደረገ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው።

«እንዴት ነዎት አባቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህ—»

«ኧረ መሪጌታ!» አለች ይታይሽ ከጥግ። «ምስጋናውን ቤተ ክርስቲያን ያድርሱት። እዚህ የመጣነው ለማመስገን ነው እንዴ? የኔ ጌታ፣ እኔ ልንገርዎ፤ ይኸ ሰውዬ ዳገት ላይ ይሞታል!»

ሐኪሙ ሳቀ። ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠና ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ።

«ሲበሉ ያምዎታል?»

«እየበላሁስ አያመኝም። በልቼ ስወጣ ነው።»

«ሲተኙስ?»

«የለም።»

«ተቀምጠው ሲያስተምሩስ?»

«የለም።»

«የሚመጣው ለሥራ ሲነሡ ብቻ ነው?»

የቄስ ሞላ ቃል ነው፤ ቃል በቃል። አቀርቅሬ ሳቁን ጠበቅሁ። ሳቅ አልመጣም። ቀና ስል ሐኪሙ አጎንብሶ እየጻፈ ነው።

«ስንት እርምጃ ሄደው ይመጣል? ሲቆሙ በስንት ጊዜ ይለቅዎታል? ወደ መንጋጋ ይወጣል?» እያለ ቀጠለ፤ እኔም የዳገቱንም የወረቡንም ነገርኩት። ያልነገርኩትን ሕመሜን እሱ ለእኔ ይነግረኝ ጀመር። በዚያች ሰዓት ውስጤ የነበረ አንድ የታሰረ ነገር ሲፈታ ተሰማኝ።

ከዚያ አልጋው ላይ አስተኛኝ። ሣጥኑን ከፈተ፤ የእጄንና የእግሬን አንጓዎች በሽቦ ከመኪናው ጋር አገናኘ፤ ደረቴ ላይም ቀዝቃዛ ነገር ቀብቶ ሌላ አኖረ። መኪናው እንደ ንብ ይዘምራል። ወረቀቱ እየተንሸራተተ ይወጣል። ኮርኒሱን እያየሁ ስሰማው ሰመመን ወሰደኝ፤ ፈጠም በክረምት ሞልቶ ሲፈስ በሩቅ የምሰማ መሰለኝ። ሐኪሙ ወረቀቱን ዘርግቶ አነበበና፣

«ይኸም ንጹሕ ነው» አለ።

እንባዬ መጣ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«መሪጌታ፣ ወደ እኔ ይዙሩ» አለኝ ሐኪሙ። «በእርስዎ አገር በሬ የሚገዛ ሰው፣ በሬው በጥላ ሥር ተኝቶ ሲያመሰኳ አይቶ ይገዛዋል?»

«ሞኝ ካልሆነ አይገዛም። ጠምዶ ነው የሚያየው።»

«ታዲያ እርስዎን እስካሁን ያየንዎት ሁላችንም ተኝተው ነው። ማዳመጫው የልብን በሮች ይሰማል፤ ሲንኳኩና ሲዘጉ። ራጁ የልብን መጠን ያያል። ይኸ ወረቀት ደግሞ ልብ በዚች ሰዓት እንዴት እንደምትሠራ፣ የቆየ ጠባሳም ካላት ያሳያል። ልብን ራሷን ደም የሚያጠጡት ቀጫጭን የደም ሥሮች ሲጠቡ ግን ሦስቱም አያዩም። ሰው ሲያርፍ በጠበበው በኩል የምታልፈው ጥቂት ደም ትበቃለች። ዳገት ሲወጣ ነው የማትበቃው። ልብም ያኔ ትጮኻለች።»

«ታዲያ የቱ መሣሪያ ነው እውነት የሚናገረው?»

«ሁሉም የየራሱን እውነት ይናገራል፤ ሁሉም ደግሞ ይሳሳታል። ጠምደን ብናይዎት እንኳ ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ታማሚ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሳይታመምም ወረቀቱ ታሟል የሚልበት ሰው አለ። እኔ ከመኪናው ይልቅ ያመንኩት ቅድም የነገሩኝን ነው። ግን ጠምደን ብናይዎት መልካም ነው።»

ከአልጋው ሥር ሁለት እርከን ያለው የእንጨት መወጣጫ ጎትቶ አወጣ። እሱን ወጣ ወረድ፣ ወጣ ወረድ ማለት ነው፤ ከዚያ ቶሎ ተጋድሞ እንደገና በመኪናው መታየት። መወጣጫውን አየሁት። መስኮቱንም አየሁት፤ ከውጭ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ተደርድረው ያዩኛል፤ ከመካከላቸው የቡሬ ሰው አይጠፋም።

«ልጄ፣ እኔ መሪጌታ ነኝ» አልኩት። «በዚህ ዕድሜዬ እንደ ጥጃ ስዘል ልታየኝ ነው?»

ይታይሽ ልትናደድ ስትል፣ ሐኪሙ እጁን አንሥቶ አስታገሣት።

«ሕመሙ በወረብም ይመጣል ብለውኝ የለ?»

«ይመጣል።»

«እንግዲያው ይውረቡ።»

ደነገጥኩ። ወረብ ጨዋታ አይደለም፤ ቦታ አለው፣ ሰዓት አለው። ይታይሽን አየኋት።

«እግዚአብሔር ሐኪም ቤት አይገባም ያለ ማን ነው?» አለችና መቋሚያዬን ከጥግ አንሥታ ሰጠችኝ።

ጀመርኩ። ከበሮ የለም፣ ጸናጽል የለም፤ ይታይሽ ብቻ ቀስ ብላ ታጨበጭባለች። መጀመሪያ በዝግታ ዘመምኩ። ከመስኮቱ ውጭ አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሌላው ተቀበለው። እግሬ ፈጠነ። ግድግዳዎቹ ሳሱ፤ የመድኃኒቱ ሽታ ጠፋ። በመስኮቱ ጭጋግ የገባ መሰለኝ፤ በጭጋጉ ውስጥ ከሞቱ ዘመናት ያለፋቸው የድሮ መምህሬ የኔታ መቋሚያቸውን ወደ ላይ አንሥተው አብረውኝ ሲዘምሙ አየኋቸው። ከዓመት በላይ እንዲህ ሳልወርብ ኖሬያለሁ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። በዚያ ደስታ መካከል ስልቻው መጣ።

ቆምኩ። እንደ ልማዴ ዓይኔን ወደ ሩቅ ላሻግር ስል ወንዝ የለም፤ ፊት ለፊቴ የሐኪሙ ፊት ነው።

«ምን ይሰማዎታል?»

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የኖረው መልስ። ግን ይታይሽ ታየኛለች፤ እጆቿ ለማጨብጨብ እንደተነሡ ቀርተዋል።

«አመመኝ» አልኩ። «እናቴ ድረሽ፣ አመመኝ!»

ተሸክመው አስተኙኝ። ሽቦዎቹን መለሱብኝ። መኪናው ዘመረ። ሐኪሙ ወረቀቱን እያየ አንዲት ትንሽ ክኒን ከምላሴ ሥር አስቀመጠልኝ። ክኒኗ ስትቀልጥ ራሴን ትንሽ ፈለጠኝ፤ ደረቴ ላይ ያለው ሸክም ግን ወዲያው ቀለለ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ አሳየኝ። በመጀመሪያው ላይ መስመሩ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ደልደል ብሎ ይሄዳል። በሁለተኛው ላይ ያው መስመር ሰምጧል፤ ሸክም የተጫነበት ሰው ትከሻ ይመስላል።

«ታመዋል መሪጌታ» አለኝ። «የልብ የደም ሥር ጥበት ነው።»

አለቀስኩ። ይታይሽም አለቀሰች። ሐኪሙ ያስደነገጠን መስሎት ሊያጽናናን ቸኮለ። እኔ ግን ከደስታ ነው ያለቀስኩት። ሰነፍ አልነበርኩም፤ እብድ አልነበርኩም፤ ታምሜ ነበር።

አሥራ ሁለት ቀን እዚያው ተኛሁ። ስወጣ ክኒኑን በትንሽ ጠርሙስ ይዤ፣ ቅቤና ጮማ ተከልክዬ፣ ከበላሁ በኋላ ዳገት እንዳልወጣ ተነግሮኝ ነው። በየቀኑ ሜዳ ላይ መራመድ፣ ሲጫነኝ መቆም፣ በየሳምንቱ ትንሽ መጨመር። ወረብ ቀረብኝ፤ ይህን ስሰማ ልቤ ተሰብሯል፣ አልዋሽም። አሁን ተቀምጬ እመራለሁ፤ ድምፅ አልተከለከልኩም። ቡሬ እንደተመለስኩ ለቄስ ሞላ ዳገት ላይ የቆምኩት ቅኔ ስቆጥር እንዳልነበረ ተናዘዝኩ። እሳቸውም፣

«ታዲያ እኛ ዓመቱን ሙሉ በብርድ ቆመን ስንጠብቅ የኖርነው ምኑን ነው?» አሉ። ከዚያ መቀለዳቸውን ትተው ጉልበቴን ሊስሙ አጎነበሱ፤ ይዤ አስቀረኋቸው።

ለእናንተ የምለው ይህ ነው። ስትሠሩ ደረታችሁን የሚጫናችሁ፣ ስታርፉ የሚተዋችሁ ነገር ካለ፣ ተኝታችሁ በተመረመራችሁት ብቻ «ደህና ነኝ» ብላችሁ አትመለሱ። ሐኪሙን «ስሠራ ነው የሚያመኝ» በሉት፤ ስንት እርምጃ እንደምትሄዱ ቆጥራችሁ ንገሩት። ሕመሙን ራሳችሁ በቤታችሁ ለመፈተን ግን እንዳትነሡ፤ እኔ የወረብኩት ሐኪምና መድኃኒት አጠገቤ ቆመው ነው።

ከክረምት በኋላ ለክትትል ፍኖተ ሰላም ሄድኩ። በዚህ ጊዜ አልተግደረደርኩም፤ መወጣጫውን ወጣ ወረድ አልኩበት፤ ሸክሙ የመጣው ከድሮው በጣም ዘግይቶ ነው። ሐኪሙ ደስ አለው። ከግቢው ወጥተን ከይታይሽ ጋር በዋናው መንገድ ቀስ እያልን ስንሄድ፣ ፈረሶች ጋሪ እየጎተቱ ሲያልፉን፣ እሷ ድንገት ቆመች።

«እንግዲህ አይሄዱም?» አለችኝ።

«ወዴት?»

«ወደ ገዳም ነዋ።»

አልገባኝም። መሬት መሬቱን እያየች ቀጠለች።

«ምግብ ተዉ። መኝታዎን ለዩ። ዝም አሉ፤ ሲነጋ ሲመሽ ወንዙን ማየት ሆነ ሥራዎ። ልጆቻችንን ድረናል። አባትዎም በዚህ ዕድሜያቸው እናትዎን ትተው መነኮሱ። ‹አሞኛል› ሲሉኝ፣ ዶክተሩ ደህና ነው ሲል፣ ቀስ አድርገው ሊለዩኝ ምክንያት የሚያበጁ መሰለኝ። ዳገቱ ላይ ትቼዎት የሄድኩ ቀን፣ ቀድሜ ልተውዎት ብዬ ነው። ያ ሐኪም ታመዋል ሲል፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያለቀስኩት ደስ ብሎኝ ነው።»

የሰው ቅኔ ፈትቼ የማስተምር ሰው ነኝ። አጠገቤ የምትኖረው ሴት ወራት ሙሉ ለብቻዋ ስትሰናበተኝ መኖሯን ግን አላወቅሁም። ሕመሜን የደበቅሁት እንዳትጨነቅ ነበር። መንገዱ መካከል፣ ሰው እያየን፣ እጇን ያዝኩ፤ በአገራችን የማይደረግ ነው። የሚቀጥለው አውቶቡስ እስኪመጣ ብዙ ጊዜ ነበረን። መንገድ ዳር ተቀመጥንና የት የት እንደሚያመኝ፣ መቼ መቼ እንደምፈራ፣ አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት።